አጥርቶ መስማት



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፤ የጋዜጣችን አዘጋጆች ስለ መመረቂያ ፕሮጀክቴ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡልኝ፦ የሕግም፣ የነርሲንግም፣ የአካውንቲንግም ተማሪ አንብቦት ይግባው አሉ። የፕሮጀክቴ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በሚስተካከሉ የአኮስቲክ ሞገድ ማጣሪያዎች ላይ የሲግናል ማዳከምን ማሻሻል» የሚል ነው። የዶርም ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ «ኔትወርኩ ራሱ ተዳክሞ ሞቶብናል፤ አንተ ደግሞ ማዳከሙን ልታሻሽልልን ነው?» አለኝ። ተሳሳቅን፤ ጥያቄው ግን የሚገባ ጥያቄ ነው። ሲግናል እንዲጠነክር የሚፈልግ ሰው ስለ ማዳከም ለምን ያጠናል? ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለዚህ መልስ ለመስጠት ነው። እየጻፍኩ ስሄድ ግን በዚህ ሴሚስተር በሐለቃችን ወደተነሳ አንድ ከባድ ጥያቄ አደረሰኝ። እሱንም ዘልዬ ማለፍ አልፈለግኩም።

ስልክ የራሱ ድምፅ ሲረብሸው

ስልካችሁ ኢንተርኔት ላይ ሲሆን በአንድ ጊዜ ይናገራልም፣ ይሰማልም። ለምሳሌ በ1800 ሜጋኸርዝ የኤልቲኢ ባንድ ወደ ማማው የሚናገረው ከ1710 እስከ 1785 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው። ከማማው የሚሰማው ደግሞ ከ1805 እስከ 1880 ባለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት 20 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ ከ1800ው ጋር ሲነጻጸር ከ1 በመቶ ብዙም አይበልጥም። የሚወጣውም የሚገባውም በአንድ አንቴና ነው።

አሁን የኃይላቸውን ልዩነት ተመልከቱ። ስልኩ ሲናገር እስከ 200 ሚሊዋት ያወጣል። ከማማው የሚደርሰው ሲግናል ግን ማማው ሩቅ ሲሆን ከአንድ ዋት አንድ ትሪሊዮንኛ ሊያንስ ይችላል። ልዩነቱ ከ200 ቢሊዮን እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። በድምፅ ማጉያ እየጮኸ፣ ዝም ሳይል፣ ከማዶ ጋራ የሚያንሾካሹክለትን ሰው መስማት ያለበትን ሰው አስቡ። የስልካችሁ ሥራ ይህን ይመስላል። ስልኩን ከማንም በፊት የሚረብሸው የጎረቤት ስልክ ሳይሆን የራሱ ድምፅ ነው።

ማዳከም ያስፈለገው ለዚህ ነው። በመስሚያው በር ላይ የሚቆመው ማጣሪያ የሚፈለገውን ክልል ያሳልፋል፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ያዳክማል። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። 10 ዴሲቤል ተዳከመ ማለት አንድ አሥረኛው ብቻ አለፈ ማለት ነው፤ 20 ዴሲቤል ከሆነ አንድ መቶኛው፣ 50 ዴሲቤል ከሆነ አንድ መቶ ሺኛው ብቻ ያልፋል። ስልኩ የራሱን ድምፅ ከመስሚያው እንዲያርቅ ከማጣሪያው የሚጠበቀው ወደ 50 ዴሲቤል የሚጠጋ ነው። ይህን ደግሞ በዚያች 1 በመቶ ክፍተት ውስጥ መፈጸም አለበት።

ይህን ያህል ስለት ያለው ማጣሪያ በተራ ሽቦና ካፓሲተር አይሠራም። የሚሠራው በድምፅ ነው፤ «አኮስቲክ» የሚለው ቃል የመጣውም ከዚህ ነው። በ1880 ዣክ ኩሪና ወንድሙ ፒየር ኩሪ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አሳዩ። ብዙም ሳይቆይ ተቃራኒው ተረጋገጠ፦ ኤሌክትሪክ ሲሰጧቸው ይለጠጣሉ፣ ይኮማተራሉ። በ1885 ሎርድ ሬይሊ በጠጣር ነገር ገጽ ላይ ብቻ የሚጓዝ ሞገድ እንዳለ በሒሳብ አሳየ። በ1965 ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዋይትና ቮልትመር የተባሉ ሰዎች ሁለቱን ነገር አገናኙ። ጥርስና ጥርሳቸው እንደተጠላለፈ ሁለት ሚዶ የሚመስሉ ቀጫጭን የብረት መስመሮችን በክሪስታል ገጽ ላይ አኖሩ። ኤሌክትሪክ ሲገባ ክሪስታሉ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅናቄው በገጹ ላይ ተጉዞ በወዲያኛው ሚዶ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ያተርፋል? ትንሽነትን ነው። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎሜትር ይጓዛል፤ በክሪስታሉ ገጽ ላይ የሚሄደው ሞገድ ግን በሰከንድ 4 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በ1000 ሜጋኸርዝ በአየር ላይ 30 ሳንቲሜትር የሚረዝመው ሞገድ ክሪስታሉ ላይ 4 ማይክሮሜትር ብቻ ይሆናል። የሚዶው አንድ ጥርስ ስፋት ደግሞ 1 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ሃምሳ ጊዜ ያንሳል። ዛሬ በአንድ ዘመናዊ ስልክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ማጣሪያዎች በደርዘን ይቆጠራሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ክልል ብቻ ያውቃሉ።

ከመድረሳ የመጣ ጆሮ

ሬዞናንስ የሚለውን ቃል ክፍል ውስጥ ከመስማቴ በፊት ነገሩን ተምሬው ነበር። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እየተመላለስን ያደግን ብዙዎች ነን፤ ስለዚህ የምለውን ታውቁታላችሁ። ሠላሳ ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጦ እያንዳንዱ የየራሱን ገጽ ጮክ ብሎ ይቀራል። ኡስታዛችን ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ተስቢሓቸውን ይዘው የተኙ ይመስላሉ። ድንገት «አንተ! ሷድ ናት፣ ሲን አይደለችም» ይላሉ። ከሠላሳው መሐል የተሳሳተው ልጅ ብቻ ይደነግጣል። ሌሎቻችን ያላስተዋልነውን አንድ ፊደል ከዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ለይተው ይሰሙ ነበር።

የዚህ ጥበብ መሠረቱ መኽረጅ ነው። የምናነበው እያንዳንዱ ፊደል ከየት እንደሚወጣ ኡለሞቻችን በጥንቃቄ መዝግበዋል። አል-ኸሊል ኢብኑ አሕመድ የመጀመሪያውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ፊደላቱን ከጉሮሮ ጀምሮ ወደ ከንፈር በሚወጡበት ቅደም ተከተል ነው ያሰለፋቸው፤ ለዚህም ነው መጽሐፉ በዐይን ፊደል የሚጠራው። ኢብኑ ሲና የፊደላት ድምፅ በምን ምክንያት እንደሚፈጠር ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፏል። ኢብኑል ጀዘሪ መኽረጆቹን 17 አድርጎ የቆጠረበትን ግጥም ብዙዎቻችን በቃላችን ይዘነዋል።

ይህን በኢንጂነር ዐይን ስታዩት የሰው አፍ የሚስተካከል አኮስቲክ ማጣሪያ ነው። ከድምፅ አውታር እስከ ከንፈር ያለው መንገድ በአዋቂ ወንድ 17 ሳንቲሜትር ያህል ነው። አንድ ጫፉ የተዘጋ፣ ሌላው ክፍት ቱቦ ነው ብለን ብናሰላው በ500፣ በ1500 እና በ2500 ኸርዝ አካባቢ ድምፅን አጉልቶ ያሳልፋል። ምላስ ሲንቀሳቀስ እነዚህ ቦታዎች ይንቀሳቀሳሉ። ሷድ ላይ የምላስ ኋለኛ ክፍል ወደ ላንቃ ሲነሳ ቀጥሎ ያለው አናባቢ ሁለተኛው ሬዞናንሱ ዝቅ ይላል። ኡስታዛችን «ወፍራም አድርጋት» የሚሉት ይህንን ነው። ምላሳችን ካፓሲተር ሆና የቱቦውን ልክ ትቀይራለች።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ጉና ነው። ሚም ላይ ከንፈራችን ይዘጋል፣ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ብትይዙት ድምፁ ቀጥ ይላል፤ ኡስታዞች ጉናችን ትክክል መሆኑን የሚፈትኑበት ዘዴ ይኸው ነው። ታዲያ የተዘጋው አፍ ምን ይሠራል? ባዶ አይቀመጥም። ከዋናው መንገድ ጎን እንደተቆፈረ ጉድጓድ ሆኖ አንዱን ፍሪኩዌንሲ ለይቶ ይውጠዋል። የአፉ ጉድጓድ 8 ሳንቲሜትር ከሆነ የሚዋጠው ከ1000 ኸርዝ ትንሽ አለፍ የሚለው ነው። ኑን ላይ ምላስ ከፊት ስለምትዘጋው ጉድጓዱ ያጥራል፤ የሚዋጠውም ከፍ ወዳለ ፍሪኩዌንሲ ይሄዳል። ጆሯችን ሚምን ከኑን ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ ይህ የጠፋው ድምፅ ያለበት ቦታ ነው። በእኛ ትምህርት እንዲህ ያለው ቦታ «ዜሮ» ይባላል። ፕሮጀክቴ በሙሉ ስለዚህ ዜሮ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ነፃ ነገር የለም

የምሠራው ማጣሪያ መሰላል ይመስላል። በመሰላሉ ቋሚ እንጨት ላይ፣ ማለትም ሲግናሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የተቀመጡ ሬዞኔተሮች አሉ፤ በደረጃዎቹ ላይ ደግሞ ወደ መሬት የሚያወርዱ ሌሎች አሉ። እያንዳንዱ ሬዞኔተር ሁለት ባሕርይ አለው። በአንድ ፍሪኩዌንሲ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ ሌላ ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። መንገዱ ላይ ያለው በሚዘጋበት ቦታ ከላይ በኩል ዜሮ ይፈጠራል። ወደ መሬት የሚያወርደው በሚከፈትበት ቦታ ደግሞ ሲግናሉ እንዳለ መሬት ስለሚገባ ከታች በኩል ዜሮ ይፈጠራል። በሁለቱ ዜሮዎች መካከል የምንፈልገው ያልፋል።

ይህን ማጣሪያ አንድ ክልል ብቻ ሳይሆን ብዙ ክልል እንዲያገለግል ማድረግ ከተቻለ በደርዘን የሚቆጠሩት ጥቂት ይሆናሉ። ስልኩም ይረክሳል፣ ከአገር አገር የሚለያዩትን ባንዶችም በአንድ ዕቃ ይይዛል። ለማስተካከል የሚታወቀው መንገድ ከሬዞኔተሩ ጋር ልኩ የሚቀየር ካፓሲተር ማገናኘት ነው። በተከታታይ ሲገናኝ የሚከፈትበትን ቦታ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ጎን ለጎን ሲገናኝ የሚዘጋበትን ቦታ ወደ ታች ይስበዋል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ካፓሲተሩ የቱንም ያህል ቢቀየር ከሬዞኔተሩ መክፈቻና መዝጊያ መካከል ካለው ርቀት አልፎ መሄድ አይችልም። አሉሚኒየም ናይትራይድ በተባለው ብዙ በሚሠራበት ቁስ ይህ ርቀት ወደ 3 በመቶ አይሞላም፤ በ1800 ሜጋኸርዝ ከ50 ሜጋኸርዝ ያንሳል። ባስተካከልነው ቁጥር ደግሞ ሁለቱ ነጥቦች እየተቀራረቡ ማለፊያው ይጠብባል። ሌላም አለ። ሬዞኔተር ምን ያህል ኃይል ሳያባክን እንደሚይዝ «ኪው» በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ብርጭቆ ሲነካ ረጅም ጊዜ ይጮኻል፣ የሸክላ ማሰሮ ግን ወዲያው ዝም ይላል፤ ልዩነታቸው ይህ ነው። ጥሩ አኮስቲክ ሬዞኔተር ኪው ከ1000 በላይ አለው። በቺፕ ላይ የሚሠራ ኢንዳክተር ግን በአሥሮች የሚቆጠር ብቻ ነው። ብርጭቆውን ከማሰሮ ጋር ስታስሩት አብሮ ዝም ይላል። ለማስተካከል ያስገባነው ዕቃ የምንፈልገውን ሲግናል መብላት ይጀምራል።

«ታዲያ የመሰላሉን ደረጃ ብዛ አድርገው» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ በሲሙሌሽን የሞከርኩት እሱን ነው። ማዳከሙ ያምራል፤ ጥልቅ ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ደረጃ ከሚያልፈው ላይ ቀረጥ ይወስዳል። አንዱ ደረጃ ግማሽ ዴሲቤል ቢወስድ አራቱ 2 ዴሲቤል ይወስዳሉ፤ ይህም ከሚፈለገው ሲግናል 37 በመቶው በበሩ ላይ ቀረ ማለት ነው። አማካሪ መምህሬ ያማረ ግራፍ ይዤ በሄድኩ ቁጥር ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጥሩ፤ ምን ከፍለህ አገኘኸው?»

2 ዴሲቤል ወረቀት ላይ ትንሽ ናት። ለእናቴ ግን ትንሽ አይደለችም። እናቴ እኔን ለማናገር ከቤት ወጥታ ከጓሮ ያለችውን ጉብታ ትወጣለች፤ እዚያ ላይ ነው ኔትወርክ የሚገኘው። በክፍት ቦታ ላይ ሲሰላ 2 ዴሲቤል መጥፋት ማለት ሲግናሉ የሚደርስበት ርቀት በ20 በመቶ ያህል ማጠር ነው። ማማው አጠገብ ላለ ሰው ምንም አይደለም። ጫፍ ላይ ላለ ሰው ግን ድምፅ በመስማትና ባለመስማት መካከል ያለ ልዩነት ነው። የማጣሪያ ጥሩነት የሚለካው በከለከለው ብቻ ሳይሆን ባሳለፈውም መሆኑን የገባኝ እናቴ ጉብታው ላይ ቆማ «ሃሎ? ሃሎ? አልሰማህም እኮ ልጄ» ስትል ነው።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቁሱን መቀየር ነው፤ በስስ ሽፋን የሚሠራው ሊቲየም ናዮቤት በኤሌክትሪክና በንቅናቄ መካከል ያለው ትስስር ከ20 በመቶ በላይ ስለሚደርስ ለማስተካከል ሰፊ ቦታ ይሰጣል። ሁለተኛው ሙቀትን መቆጣጠር ነው። ሊቲየም ታንታሌት ለእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 40 ያህል ይንሸራተታል፤ በ50 ዲግሪ ልዩነት በ2000 ሜጋኸርዝ ላይ 4 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ሲሞቅ በተቃራኒው በሚሄድ የሲሊኮን ዳይኦክሳይድ ሽፋን ይካካሳል።

ሦስተኛው እኔ የያዝኩት ነው። ስልኩን በዋናነት የሚረብሸው የራሱ ድምፅ ከሆነ፣ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ እየተናገረ እንደሆነ ስልኩ ራሱ ያውቃል። ባንዱ 75 ሜጋኸርዝ ቢሰፋም በአንድ ጊዜ የሚናገርበት ቻነል ለምሳሌ 10 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ በየአቅጣጫው ወፍራም ግንብ ከማቆም ይልቅ ዜሮውን በዚያች ቦታ ላይ ብቻ መትከል፣ ቻነሉ ሲቀየርም ዜሮውን ማንቀሳቀስ ይቻላል። ደረጃዎቹ ጥቂት ይሆናሉ፤ የሚያልፈውም ብዙ ሳይቀረጥ ያልፋል። ይህም ቢሆን ነፃ አይደለም። ዜሮው ወደ ማለፊያው በጣም ከተጠጋ የማለፊያውን ጠርዝ ይበላዋል። ሒሳቡ ግን ከብዙ ግንብ ይሻላል።

«ትቼ ልውጣ ወይ?»

አሁን ወደ ሐለቃችን ጥያቄ ልምጣ። በዚህ ሴሚስተር ከኢሻ በኋላ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ወንድማችን ተነስቶ እንዲህ አለ፦ «እዚህ ከመጣሁ ሙራጀዓዬ ተበላሸ፤ ልቤ ደረቀ። ትምህርቱ ከአላህ የሚያርቀኝ ከሆነ ትቼ ልውጣ ወይ?» ስሙን አልጠቅስም፤ ይህን እንድጽፍም ፈቅዶልኛል። ከመጣ ጀምሮ ልቡን ለመጠበቅ ብሎ ብዙ ነገር ቆርጧል። ስልኩን ሸጠ፤ ስለዚህ ቤተሰቦቹ የሚያገኙት ጓደኛ ለምነው ነው። ከዶርም ልጆች ጋር መብላት አቆመ። ቀጥሎ ላብ፣ ቀጥሎ ክፍል መግባት ተወ፤ ሁለት ሚድ ኤግዛም አለፈው። ቤተሰቦቹ ያላቸውን ከፍለው የላኩት የመጀመሪያ ልጃቸው ነው።

አንዳንዶቻችን «ውጣ፣ ዲንህ ይበልጣል» አልነው። አንዳንዱ ደግሞ «አታካብድ፣ ሁሉም የሚያልፈው ነው» ብሎ ሊያስቀው ሞከረ። እኔ ለብቻችን ስንሆን የተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው፤ ፈትዋ አይደለም፣ እሱ የኡስታዞቻችን ድርሻ ነው።

በመጀመሪያ ትምህርቱ ከዲን ውጭ ያለ ነገር ነው የሚለውን አልቀበልም። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ይቆጥሯቸዋል፤ ማለትም ከመካከላችን የሚሠራቸው ሰው ከጠፋ ሁላችንም የምንጠየቅባቸው ናቸው። እንዲያውም በዘመናቸው ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲሮጥ ብዙ ከተማ ሙስሊም ሐኪም አጥቶ መቅረቱን አንስተው ይወቅሳሉ። የእናቴን ድምፅ ከጉብታው ላይ የሚያደርሰውን ዕቃ የሚሠራ ሰው የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በንጹሕ ኒያ የተሠራ እንደሆነ ሥራው ከአላህ ዘንድ ምንዳ እንዳለው ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለተኛው ከፊልተሩ የተማርኩት ነው። ወንድማችን መከልከል መፈለጉ ትክክል ነው። ግቢያችን ውስጥ ልብ የሚያደርቅ ነገር የለም ብሎ የሚነግረው ሰው እያታለለው ነው። መከልከል ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋው የሚከፈለውም ከሚያልፈው ነው። እሱ በየአቅጣጫው ግንብ ሲያቆም የእናቱ ድምፅ፣ የአብሮ አደር ሐቅ፣ በአደራ የተቀበለው ትምህርት አብረው ውጭ ቀሩ። እነዚህ ረባሽ አይደሉም፤ ማጣሪያው የተሠራው እነሱን ለማሳለፍ ነበር። ማንንም የማያሳልፍ ማጣሪያ ማጣሪያ ሳይሆን የተቆረጠ ሽቦ ነው።

ስለዚህ «ምንድን ነው የሚረብሽህ? ቦታውን በትክክል ንገረኝ» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና ነገረኝ። ክፍሉ አልነበረም፤ የዶርም ልጆቹም አልነበሩም። ሌሊት ከአሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የለመደው ነገር ነበረ፤ እሱን እዚህ መዘርዘር አስፈላጊ አይደለም። ከእሱ በላይ ደግሞ በራሱ ውስጥ «አንተ ሐፊዝ ሆነህ ከክፍል መጨረሻ ልትሆን ነው» የሚለው ድምፅ ነበር። ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ የራሱ ነበር። ከየትኛው ሰዓት እስከ የትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚጀምር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ይህ ካልን በኋላ ነገሩ ትንሽ ቀለለ። ለዚያች ሰዓት አንድ ነገር ተከልን፦ ከኢሻ በኋላ ለብቻው አይቀመጥም፤ ከሁለታችን አንዱ አብሮት ያጠናል፣ ከዚያ ይተኛል። ከፈጅር በኋላ ደግሞ አንድ ገጽ፣ አንድ ገጽ ብቻ፣ ለአንድ ወንድም ያሰማል። ቤተሰቦቹን በሳምንት ሁለት ቀን በኔ ስልክ ይደውልላቸዋል። ክፍል ይገባል። ሌላውን ክልክል ሁሉ ለጊዜው አንስተናል።

ይሳካል አልልም። ያለፉት ሁለት ፈተናዎች ውጤቱን ጎትተውታል፤ የሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ ዩኒቨርሲቲው ሊያሰናብተው ይችላል። ይህን በምጽፍበት ሰዓት መውጣትና መቆየትን በሚመለከት ገና አልወሰነም፤ ኡስታዝ ዘንድ ሄዶ እየተማከረ ነው፣ ኢስቲኻራም እየሰገደ ነው። ቢወጣም ወንድማችን ነው፤ በሸሪዓ ዕውቀት ሊጠቅመን የሚችል ሰው ነው። እኔ የምፈራው መውጣቱን አይደለም። የምፈራው ምን እንደሚረብሸው ሳይለይ፣ ሁሉንም ቆርጦ፣ የሚወደውንም አብሮ ጥሎ እንዳይወጣ ነው።

ለእናንተም የማስተላልፈው ይህንኑ ነው፤ በተለይ ዘንድሮ ለመጣችሁ ፍሬሽማኖች። ጆሮ ነገ የሚጠየቅበት አደራ መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል። መጠበቁ ግዴታችን ነው። ስትጠብቁት ግን የአማካሪዬን ጥያቄ አብራችሁ ጠይቁ፦ ምን ከፍዬ ነው ያገኘሁት? አንድን ነገር ስትቆርጡ አብሮት የተቆረጠውን እዩ። ከሰው ጩኸት በፊትም የራሳችሁን አዳምጡ፤ በጀመዓችን ውስጥ አንዳችን ሌላውን ሳንሰማ የቀረንባቸው ክርክሮች ብዙዎቹ ሌላው ዝም ስላለ ሳይሆን እኛ እየተናገርን ስለነበር ነው።

ሰርኪዩትና ሲግናልስ የከበዳችሁ ካላችሁ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ መስጂዱ በረንዳ ላይ እገኛለሁ። እህቶችም ጥያቄያችሁን በእህቶች ተጠሪ በኩል ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ መልሱን በጽሑፍ እልካለሁ። መኽረጅ የከበዳችሁ ደግሞ ያ ጥያቄ ያነሳው ወንድም እዚያው ነው፤ ሷዱን የሚያርምላችሁ ከኔ በተሻለ እሱ ነው።

አላህ የሚጠቅመንን ያሰማን፣ ከሰማነውም መልካሙን የምንከተል ያድርገን። ለወንድማችንም ኸይር የሆነውን ይምረጥለት። ዱዓ አድርጉለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።